«ኮር አይ 7 ነው» እየተባለ የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጡ ብዙ ነጋዴዎች አንድ ዜማ አላቸው፦ «ኮር አይ 7 ነው፣ የትኛውንም ጌም ያጫውታል!» ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይሉም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 የወጣው አይ 3-12100ኤፍም አራትና ስምንት ነው፤ በጌም ግን አሮጌውን አይ 7 በሰፊ ልዩነት ጥሎት ይሄዳል። 7 ቁጥር ትርጉም የሚኖረው በዚያው ዘመን ከወጡት ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ዊንዶውስ 11፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም። ያን ብር የላከችው ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት ብትሆንስ? ይህ ማታለል እንጂ ንግድ አይደለም።

ገዢዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ያለውን ሁሉ ፕሮሰሰር ላይ አፍስሶ ለግራፊክስ ካርድ ሳንቲም የማያስቀር ወጣት ሞልቷል፤ ጌሙን በዋናነት የሚሸከመው ግን ካርዱ ነው። ካርድ ለመግዛት አቅሙ ለማይፈቅድለት ራይዘን 5 5600ጂ ይሻለዋል፤ ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ዶታ 2ን የመሰሉትን ያጫውታል። 12100ኤፍ ላይ ያቺ «ኤፍ» የተለጠፈችው የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ለመናገር ነው፤ ያለ ካርድ የገዛው ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ይህንንም ሻጩ አይነግረውም።