ጉዳዩ የእኛ፣ ጉባኤው የሌላ

ሐኪም የበሽተኛውን ሕይወት፣ መሐንዲስ በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን መንገደኛ፣ ሒሳብ ያዥ የሌላውን ሰው ገንዘብ፣ ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር በዐደራ ይቀበላሉ። ዛሬ በየፋኩልቲው ተቀምጠን የምንማር ሁሉ ነገ ከነዚህ ዐደራዎች አንዱን እንረከባለን። ዐደራውን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ የሚመረምረው ትምህርት የሙያ ሥነ ምግባር ይባላል። ወላጆቻችን በተማሪ ቤት ግብረ ገብ ብለው ለተማሩት ትምህርት ዘመዱ ነው፤ ቢሆንም ጥያቄው ይለያል። ግብረ ገብ «አትዋሽ» ብሎ ያስተምራል። የሙያ ሥነ ምግባር ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ «መሣሪያው ጉድለት እንዳለበት እያወቅህ አለቃህ ‹ፈርም› ቢልህ ለማን ትናገራለህ? ከተናገርህስ በኋላ እንጀራህ ቢቋረጥ ማን ይደግፍሃል?»

ይህ ትምህርት በውጭው ዓለም የራሱን ማኅበር፣ የራሱን መጽሔትና የራሱን ጉባኤ ካገኘ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የሕክምናን ሥነ ምግባር የሚመረምረው የሄስቲንግስ ማዕከል በኒው ዮርክ ግዛት ተቋቋመ። በ1976 በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ሙያዎች ሥነ ምግባር የሚያጠና ማዕከል ከፈተ። በ1991 የተግባርና የሙያ ሥነ ምግባር ማኅበር በአሜሪካ ተመሠረተ፤ ይህም ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል። በ1992 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የባዮኤቲክስ ማኅበር ጉባኤውን በየሁለት ዓመቱ ከአገር ወደ አገር እያዘዋወረ ያካሂዳል፤ በ2018 ባንጋሎር፣ በ2024 ዶሃ ላይ ተሰብስቧል። ከመጽሔቶቹም ስለ ንግድ ሥነ ምግባር የሚጽፈው በ1982፣ ስለ ሳይንስና ምህንድስና ሥነ ምግባር የሚጽፈው በ1995 መታተም ጀመሩ።

ይህን መዘርዘሬ አንድ ነገር ለማለት ነው። በነዚህ አዳራሾችና በነዚህ ገጾች ከአገራችን የተወሰደ ከባድ ጉዳይ ይነሣል፤ ከአገራችን የሄደ ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማም። ለዚህም ምክንያቱ የገንዘብና የቪዛ ነገር ብቻ ነው ብለን ራሳችንን ማታለል አይገባንም።

ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ጉዳይ እንውሰድ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ስድስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከነርሱም መካከል በናይሮቢ ስለ አካባቢ ጥበቃ ወደሚደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሚጓዙ ነበሩ። ከዚያ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዐይነት ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

የአውሮፕላኑ ጉድለት ዛሬ ምሥጢር አይደለም። ኤምካስ የሚባል፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር። ይህ ሥርዓት ትእዛዙን የሚቀበለው ከአንድ መለኪያ ብቻ ስለ ነበረ፣ መለኪያው ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ለአብራሪዎች በተሰጠው የበረራ መመሪያ ውስጥ ስለዚህ ሥርዓት አልተገለጸም። በፋብሪካው ከነበሩት ኃላፊዎች አንዱ ኤድ ፒርሰን፣ ሠራተኛው በጥድፊያ መድከሙንና የሥራው ጥራት ማሽቆልቆሉን አይቶ፣ ማምረቱ ለጊዜው እንዲቆም በ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ለበላዩ ጽፎ ነበር። የሰማው አልነበረም። በ2019 መጨረሻ ይህንኑ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መስክሯል። ኩባንያውም በ2021 ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

በ2020 ከላይ የጠቀስሁት የሳይንስና የምህንድስና ሥነ ምግባር መጽሔት ከዚህ ጉዳይ ለመሐንዲሶች የሚገኘውን ትምህርት የሚተነትን ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ሄርከርት፣ ቦረንስታይንና ሚለር የሚባሉ ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው። ጽሑፉ መልካም ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች ሁሉ ቢያነቡት እወዳለሁ። የሚጠይቀው ግን ከፋብሪካው ወገን የሚታየውን ነው፦ መሐንዲሱ ለምን ዝም አለ? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራውን ለኩባንያው ለምን አሳልፎ ሰጠ? አውሮፕላኑ ከወደቀበት መሬት ላይ ቆሞ የሚታየው ጥያቄ ሌላ ነው። አውሮፕላን መሥራት የማይችል አገር የሌላውን አገር ምስክር ወረቀት አምኖ ሕዝቡን ሲያሳፍር፣ እምነቱ እስከ ምን ድረስ መሄድ አለበት? አደጋው እንደ ደረሰ ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና ለማዞር የሞከሩ ድምፆች በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተሰምተው ነበር፤ ለሞተ ሰው ስም ጠበቃው ማን ነው? በሳምንቱ መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቤተ ሰዎች ያለቀሱት በባዶ ሣጥን ፊት ነበር። ከአደጋው ስፍራ የተቃጠለ ዐፈር ተቋጥሮ የተሰጣቸውም ነበሩ። አስከሬን ሳይታይ፣ አፈር ሳይለብስ ሐዘን አይወጣም በሚባልበት አገር፣ የአየር መንገድ፣ የመርማሪና የሐኪም ግዴታ ከምን ተጀምሮ ምን ላይ ያበቃል?

እነዚህን ጥያቄዎች ከእኛ በተሻለ የሚጠይቅ የለም። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል፤ ባለቤቱ ዝም ካለ ግን ሌላው ማወቁ እንዴት ነውር ይሆናል? የአሜሪካ ምሁራን ስለ ራሳቸው ፋብሪካ መጻፋቸው ተገቢ ነው። ጥፋቱ እኛ ስለ ራሳችን ሐዘን አለመጻፋችን ነው።

«እኛ ብንጽፍ ማን ይሰማናል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ በአገራችን አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ፣ በባዶ እግር ቀይ ዐፈር እየረገጡ በሚኖሩ ገበሬዎች ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር ማበጥ በሽታ ይደርሳል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንዳንድ ቤተ ሰብ ግን ስለሚበረታ ተመራማሪዎች የዘር ምክንያቱን ለማጥናት ፈለጉ። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ቀድመው ሕዝቡን ጠየቁ፦ ፈቃዳችሁን እንዴት ብንጠይቃችሁ ትወዳላችሁ? ምንስ ያስፈራችኋል? የተገኘው መልስ በውጭ አገር ከሚታተም ከማንኛውም የፈቃድ ቅጽ ላይ የማይገኝ ነበር። ሰዎቹን ያስፈራቸው መርፌው አልነበረም። በጥናቱ ቢገቡ «በሽታው በዘራቸው ነው» መባሉ አደባባይ ወጥቶ መገለሉ እንዳይብስባቸው ሰጉ። ልጅን መዳር እንኳ የሚከለክል ስም ነውና ስጋታቸው እውነት ነበረው። ይህ ሥራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነባቸው በሚችላቸው ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ታተመ። ከወላይታ ገበሬ አፍ የተሰማ ነገር ስለ ፈቃድ አጠያየቅ ለሌላው ዓለም ትምህርት ሆነ ማለት ነው። መጽሔቶቹ በራቸውን የከፈቱት ጸሐፊዎቹ ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ይዘው ስለ ሄዱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቸግረን የቋንቋ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤቱ ያየውን ጥፋት አውጥቶ የሚናገረውን ሰው እንግሊዝኛ «ፊሽካ ነፊ» በሚል ስም ይጠራዋል፤ በመጻሕፍቱም እንደ ጀግና ይታያል። እኛ «ጠቋሚ» እንለዋለን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 እንኳ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ይባላል። ሕጉ የሚጠብቀውን ሰው የሰፈር ሰው ግን በዚያው ስም ይረግመዋል፤ ጠቋሚ ማለት ጎረቤቱን ያሳሰረ ማለት የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸውና። በዚህ ላይ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ነን። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ጀግና፣ በአማርኛ ከሐዲ የሚባለውን ሥራ ወጣቱ መሐንዲስ በየትኛው ቋንቋ አስቦ ይሥራው? ይህን ጥያቄ በየትኛውም የውጭ ጉባኤ ቁጭ ብለን ብንሰማ አናገኘውም። እኛው በቋንቋችን ተከራክረን፣ ምናልባትም አዲስ ቃል አውጥተን የምንፈታው ነው። በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛም የየራሱ ችግር ይኖራልና ተናጋሪዎቹ ያስረዱን።

አሁን ስለ ሐሰተኛው መንገድ ልናገር። በመምህራንና በተማሪዎች የኢሜይል ሣጥን ውስጥ «ክቡር ዶክተር» የሚሉ የጉባኤና የመጽሔት ጥሪዎች ይጎርፋሉ። የመጽሔቱ ስም ረጅም ነው፤ ከእርሻ እስከ ፍልስፍና ሁሉን እቀበላለሁ ይላል፤ ጽሑፍህን በሳምንት አንብቤ እመልሳለሁ ይላል፤ ከዚያ የክፍያው ደረሰኝ ይመጣል። የአሜሪካው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እነዚህን «አዳኝ» መጽሔቶች ብሎ ሰይሞ እስከ 2017 በአውሮፓ አቆጣጠር ስማቸውን ሲዘረዝር ኖሯል። የመምህር እድገት በታተመ ጽሑፍ ብዛት በሚቆጠርበት አገር ደግሞ ገበያቸው አይቀዘቅዝም። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለ ሥነ ምግባር የተጻፈ ወረቀት በገንዘብ በተገዛ መጽሔት ሲወጣ ማየት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ወረቀቱ ራሱን ይከስሳል።

የዚህ ወንድሙ ያልሠሩበት ጽሑፍ ላይ ስም ማስገባት ነው። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ የሚባለው ማን እንደ ሆነ በ4 ነጥብ ወስኖታል፦ በሥራው ላይ ከባድ ድርሻ ያለው፣ በጽሕፈቱ ወይም በማረሙ የተካፈለ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ያጸደቀ፣ ለጽሑፉም ተጠያቂ የሚሆን። አራቱም በአንድ ሰው ላይ መገኘት አለባቸው። የምረቃ ጽሑፋችን ለመጽሔት ሲላክ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ያላሟላ ሰው ስሙን ቢያስገባ፣ ወይም ሥራውን የሠራው ተማሪ ስሙ ቢቀር፣ በትሕትና ልንጠይቅ ይገባናል። መምህርን ማክበር ማለት ለስሙ ሐሰት መጨመር አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በኢሊኖይ ኢንስቲትዩት ያስተምር የነበረው ሮበርት ላደንሰን በ1993 የጀመረውን የሥነ ምግባር ግጥሚያ በእኛ ግቢ እንጀምር። ጉዳዮቹ አስቀድመው ለተወዳዳሪዎች ይሰጣሉ፤ ቡድኖቹ የግድ ተቃራኒ ወገን ይዘው መጣላት የለባቸውም፤ ነጥብ የሚሰጠው ለአሳብ ጥራትና የሌላውን ወገን ምክንያት በሚገባ ለመመዘን ነው። ይህ ድምፅ ከፍ ያደረገ ሁሉ ያሸነፈ ለሚመስለው ክርክራችን መድኃኒት ነው። ለዚህ ቪዛ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ዳኞችና የተባዛ ወረቀት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የአገራችንን ጉዳዮች በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚሰበስብ ትንሽ መድበል እናዘጋጅ። የሕግ ተማሪ ስለ ጠቋሚ ይጻፍ፤ የጤና ተማሪ ስለ ፈቃድ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ስለ ኦዲተርና ስለ አለቃው። ከወረቀቶቹ የተሻሉት በኋላ በእንግሊዝኛ ተስፋፍተው ወደ እውነተኛ መጽሔት ይላኩ። ከዝቅተኛ ገቢ አገር የሚጽፍን ሰው ክፍያ የሚያነሡ የታወቁ መጽሔቶች አሉና «ገንዘብ የለንም» የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ የንባብ ቡድን ይቋቋም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና አሳታሚዎች ሂናሪ በሚባለው መንገድ ብዙ መጽሔቶችን ለእንደኛ ዐይነት አገር ተቋማት ከፍተዋል። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቆ መክፈቻውን ማግኘት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የጉባኤ ጥሪ ሲመጣም ቡድኑ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ፤ ጥሪውን ያወጣው ማነው፣ ባለፉት ጊዜያት ማን ተናገረበት፣ ጽሑፉን ማን ይመረምራል ብሎ ይጠይቅ።

ለመጀመሪያው ግጥሚያ የሚሆነውን ጉዳይ ግን ከሩቅ አንፈልግ፤ በረራ ቁጥር 302 ይሁን። ከእኛ መካከል በዚያ ቀን ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ያጣ ሊኖር ይችላልና በጥንቃቄ፣ በክብር እንነጋገርበት። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ በመሐንዲስነቱ ብዕር ይዞ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ፣ ስለ መፈረምና ስላለመፈረም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስብ እንዳይሆን።