ሰባት ቤት ቆጥረን አንድ ቤት አጣን

በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ የልጁ ሥራ ወይም የልጅቷ መልክ አይደለም፤ «የማን ዘር ነው?» ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከደን አድርገው፣ ከጎንደር እስከ ጋን ያቭኔ፣ ያለ ወረቀት ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አንድ ስም ከገጠመ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

እኒሁ ሽማግሌ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ገብተው ሐኪሙ «ከወላጆችዎ፣ ከወንድም ከእህትዎ የልብ ሕመም የነበረበት አለ?» ሲላቸው «የለም» ይላሉ። የተጠየቁት አንድ ቤት ብቻ ነበር። ወንድማቸው በ50 ዓመቱ አውቶቡስ ሲጠብቅ ወድቆ መሞቱን ረስተውት አይደለም። «ድንገት ነው የሞተው» ብለን ስለቀበርነው በሽታ አልመሰላቸውም።

ወገኖቼ፣ «ድንገት» የሚባል በሽታ የለም። ብዙ ጊዜ ከኋላው ለዓመታት ስብ እየጋገረበት የጠበበ የልብ ደም ሥር አለ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት ዕድሜው በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት በዚህ ከታመሙ፣ ሐኪሞች ለቀሪው ቤተሰብም ይሰጋሉ። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ደግሞ ከወላጁ በወረሰው አንድ ዘረ መል ኮሌስትሮሉ ከልጅነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ቀጭንም ቢሆን።

ልጆቻችን «የዘር ምርመራ አለ አይደል?» ይላሉ። አለ። ግን የልብን አደጋ በነጥብ የሚያሰሉት ምርመራዎች በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ መነሻው አፍሪካ ለሆነ ሰው ትንበያቸው ይደክማል። ለጊዜው የእኛ ላቦራቶሪ የሽማግሌው አፍ ነው።

«አባቴ የሞተው ወደ እስራኤል ሲጓዝ ሱዳን መንገድ ላይ ነው፤ ልቡ ደኅና ነበር» የሚል ብዙ ነው። ያ አባት ጤፍ በልቶ፣ ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ ሳያረጅ ነው የሞተው። የወረሰው ነገር ለመታየት ጊዜ አላገኘም። እኛ ግን ተቀምጠን እንሠራለን፣ በመኪና እንሄዳለን፣ እንጀራችን ነጭ ዱቄት ገብቶበታል፣ ልጆቻችን ለስላሳን እንደ ውሃ ይጠጣሉ። ወደ እስራኤል ከገቡት ወጣቶቻችን መካከል ስኳር በዝቶ መገኘቱ የተጻፈው ገና በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ዘር የከመረውን ጭድ ይለኩሱታል። ደግነቱ ጭዱ የግድ አይነድም፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ55,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት፣ በዘር ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው መካከል አለማጨስ፣ መንቀሳቀስ፣ አለመወፈርና አመጋገብን መጠበቅ ከሚባሉት ቢያንስ ሦስቱን ያሟሉ ሰዎች አደጋቸው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳይቷል።

እንግዲህ የኪርያት ማላኺ፣ የጌዴራ፣ የያቭኔ፣ የጋን ያቭኔ ሰዎች! በዚህ ሰንበት ዳቦው ተቆርሶ ስትቀመጡ ሽማግሌውን ጠይቁ፦ ማን በስንት ዓመቱ ሞተ? ደረቱን ይዞት ነበር? ስኳር ነበረበት? ሰንበት ላይ አይጻፍምና በደንብ ስሙ፤ ማታ ሰንበት ሲወጣ ጻፉት። እሑድ ወረቀቱን ይዛችሁ ኩፓት ሆሊም ግቡ፣ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ተመርመሩ። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ አብሮ ይሂድ። ቄሶቻችንም በለቅሶ ቤት «ምን ይዞት ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ይንገሩልን፤ እነሱ ከተናገሩ ሕዝቡ ይሰማል።

ደረቱን የጨነቀውን ሰው ግን እስከ እሑድ አታቆዩት። ሰንበትም ቢሆን 101 ደውሉ።