ደኑና ሯጩ

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ፣ በነጭ ዓባይ ዳርቻ የተዘረጋ ሰፊ ደን ነበር። ደኑ አል ሱኑጥ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ሱንጥ ከሚባለው የግራር ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጥብቅ ደን ሆኖ ተከለለ። የሱንጥ እንጨት እጅግ ጠንካራ በመሆኑ በሱዳን ለጀልባ መሥሪያና ለባቡር ሐዲድ ማጋደሚያ ሲያገለግል ኖሯል፤ ፍሬው ደግሞ ቆዳ ለማልፋት ይጠቅማል። በበጋ ወራት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ተጓዥ አእዋፍ ያርፉበት ነበር። የከተማውም ሰው ከፀሐይ ሐሩር ሸሽቶ ይጠለልበት ነበር።

ይህ ደን ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር የተሳሰረ ነው። ዓባይ በሐምሌና በነሐሴ ሞልቶ ሲወርድ የነጭ ዓባይን ውኃ ይገታዋል፤ የተገታውም ውኃ ዳርቻውን አልፎ ወደ ደኑ ይገባል። ሌላው ዛፍ ሥሩ በሚበሰብስበት ጎርፍ ውስጥ ሱንጥ ለሳምንታት ቆሞ ይሰነብታል፤ ውኃው ሲሸሽም በተረፈው ደለል ላይ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከተመረቀ ወዲህ የክረምቱ ውኃ በከፊል በግድቡ ስለሚያዝ፣ ደኑን መልሰው የሚተክሉ ሰዎች የውኃውን ልክ እንደገና ማጥናት ይኖርባቸዋል።

መልሶ የመትከል ነገር የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰ። የማብሰያ ጋዝ ጠፋ፤ መብራት ተቋረጠ፤ ጠባቂም አልነበረም። መጥረቢያ ያለው ሁሉ ወደ ደኑ ገባ፤ አንዱ ለምድጃው፣ ሌላው ለገበያ ከሰል ቆረጠ። የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከተማዪቱን መልሶ ከያዘ በኋላ የታየው በአብዛኛው ጉቶ ነበር። ለልጆቿ ገንፎ ማብሰያ ያጣችን እናት በዚህ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እንጨቱን በመኪና እየጫነ የቸረቸረው ግን ከእርስዋ ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም።

እንግዲህ ደኑ ዳግመኛ ሲተከል እንዴት ይጠበቅ? አንዳንዶች ዙሪያውን አጥሮ ሰው እንዳይገባ መከልከል ይበጃል ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ለዛፉ የሚቆረቆር ይምሰል እንጂ ደኑን ብቻውን የሚያስቀር ነው። የተሻለው መንገድ ሰው በእግሩ እንዲገባ፣ ከሚገቡትም መካከል ሯጮች እንዲበዙ ማድረግ ነው። ለሽርሽር የመጣ ሰው ምንጣፉን በደኑ ጠርዝ አንጥፎ ይቀመጣል፤ ከዛፎቹ ባሻገር የሚደረገውን አያይም። ሯጭ ግን በየማለዳው ይመጣል፤ ደኑን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ትናንት ያልነበረውን ጉቶ፣ ከቁጥቋጦው መካከል የሚወጣውን የከሰል ጢስ ከማንም አስቀድሞ ያያል። ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ ማለት ይህ ነው።

የናይሮቢው የካሩራ ደን ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዚህ ጥብቅ ደን መሬት ለቤት ሠሪዎች ሲከፋፈል ዋንጋሪ ማታይ ከተከታዮቿ ጋር ችግኝ ይዛ ተቃወመች፤ በጥር 1999 በዚያው ተደብድባ ቆሰለች። መሬቱ ከነጠቃ ከዳነ በኋላም ቢሆን ሰው ወንበዴ እየፈራ ወደ ካሩራ አይገባም ነበር። ኋላ የአካባቢው ነዋሪዎች ከደን አስተዳደሩ ጋር ተባብረው የእግር መንገድ አወጡ፤ መግቢያም እያስከፈሉ ሯጩን፣ እግረኛውንና ብስክሌተኛውን አስገቡ። ካሩራም ታጥሯል፤ ነገር ግን በሩ ክፍት ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሩጫ ብቻውን ግን ደን አያድንም። በአዲስ አበባ ራስጌ በእንጦጦ ተራራ ስመ ጥር የኢትዮጵያ ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ሲሮጡ፣ ጀርባቸው በማገዶ ሸክም የጎበጠ እናቶች በዚያው መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። ሯጩ ሸክሙን ያያል እንጂ የሴቲቱን ጓዳ አይሞላም። በካርቱምም ነዋሪው ሌላ ማገዶ ካላገኘ ዓይን ቢበዛ መጥረቢያውን አይመልስም። ስለዚህ የጋዙና የመብራቱ ጉዳይ ከችግኙ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአእዋፉ ነው። የካርቱም ሙቀት በበጋው ማለቂያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ የደኑ ዝቅተኛ ክፍል በውኃ ይሸፈናል። ለሩጫ የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው፤ ተጓዥ አእዋፍም የሚመጡት በእነዚሁ ወራት ነው። ሰውና ወፍ አንድ ወቅት ይሻማሉ። ይህን በዝምታ ማለፍ አይቻልም፤ ሯጩ የወንዙን ዳርቻ ለአእዋፉ መልቀቅ አለበት። መንገዱ ከውኃው ርቆ፣ በከተማው በኩል ባለው ከፍ ያለ መሬት ላይ ይሁን፤ የሱንጥ እሾህ የጫማን ሶል ስለሚበሳም በየጊዜው ይጠረግ።

ሱዳን የሯጭ ድሀ አይደለችም። ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያስገኘው እስማኤል አህመድ እስማኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ በ800 ሜትር ሩጫ ሁለተኛ ወጥቶ ብር ተሸልሟል። በሱኑጥ የመጀመሪያው ችግኝ ከመተከሉ በፊት የመንገዱ መስመር በካስማ ተለክቶ ይቀመጥ፤ ዛፉ ካደገ በኋላ መንገድ ይውጣ ቢባል ሌላ መጥረቢያ ሊያስፈልግ ነው።