«ጥቃቅን» የተባለው ኪሳራ

ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲጓዝ የሚያጣውን ግፊት የምህንድስና መጻሕፍቶቻችን በሁለት ይከፍሉታል። ቀጥ ባለው ቧንቧ በሰበቃ የሚጠፋው «ዋና» ሲባል፣ በጎሚቶ፣ በቲና በቫልቭ የሚጠፋው «ጥቃቅን» ይባላል። ፈተና ላይም «ጥቃቅኑን ኪሳራ ተዉት» የሚል ቃል ከጥያቄው ግርጌ ይጻፍልናል፤ እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎን እንተወዋለን።

ስሙ ከገፈርሳ ወደ ከተማው ለሚመጣው ረጅም መስመር ይስማማ ይሆናል፤ በብዙ ኪሎ ሜትር መካከል ጥቂት ጎሚቶ ከቁጥር አይገባም። በሰው ግቢ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በቅርቡ ጥቂቶቻችን ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ሄደን ነበር። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ሮቷቸው የተቀመጠው ዝቅ ባለ የብረት ቆጥ ላይ ነው፤ ውሃው ከወጥ ቤቱ መክፈቻ በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። «ልጆቼ፣ ፓምፕ ይግዙ አሉኝ፤ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» አሉን። ሃያ ሊትር ባልዲ ለመሙላት 3 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ይፈጃል።

ሜትር ይዘን መስመሩን ተከተልነው። ቧንቧው ባለ ግማሽ ኢንች፣ ርዝመቱም 12 ሜትር ነው። ነገር ግን መስኮት ሲያጋጥመው እየዞረ፣ ኋላ የተቀጠለውን ክፍል እየከበበ ዐሥር ጎሚቶ አብጅቷል፤ በመካከሉም አንድ ግሎብ ቫልቭ ተቀምጧል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከሠንጠረዥ የሚገኘው የመገጣጠሚያው ቁጥር ለጎሚቶ 0.9፣ ለግሎብ ቫልቭ 10 ያህል ነው፤ ይህ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ለእጥፍ የመሬት ስበት ይካፈላል። ወደ ቀጥታ ቧንቧ ስንመልሰው ዐሥሩ ጎሚቶ 4.5 ሜትር፣ ቫልቩ ብቻውን 5 ሜትር ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ 12 ሜትር የተባለው መስመር ለውሃው ከ21 ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። ይህን ጥቃቅን ያለው ማን ነው?

ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆነን ስድስት ጎሚቶ አወጣን፤ በግሎብ ቫልቩም ፈንታ ቁጥሩ 0.2 የሆነ ጌት ቫልቭ አስገባን። ተአምር አልሆነም፤ ባልዲው በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሞላ። እናታችን ግን የፓምፑን ሐሳብ ለጊዜው ትተውታል።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ፈተና አንዱ ጥያቄ ከእንዲህ ያለ ግቢ ይውጣልን፤ ያች የግርጌ ቃልም ትቅር። የለካነውን ሁሉ ጽፈን ይዘናል፤ ለሚፈልግ እንሰጣለን።