ሶፍትዌሩ በነጻ ተገኘ፤ አጋዡስ?

ባለፈው ታኅሣሥ ስለ ተፋሰስ ልማት ዝግጅት ለመዘገብ ወደ አንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያውን ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ከፊቱ የወረዳው ካርታ ተዘርግቷል፤ ካርታው ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ቀዩ የሚያመለክተው ተዳፋትነቱ ከ80 ዲግሪ በላይ የሆነ መሬት ነው። በካርታው መሠረት ወረዳው በሙሉ ገደል ነው ማለት ነው፤ የጤፍ ማሳው፣ የገበያው ሜዳ፣ ሌላው ቀርቶ እኛ የተቀመጥንበት ጽሕፈት ቤት ጭምር።

«ሁለት ሳምንቴ ነው» አለኝ ባለሙያው። «ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም። የዘንድሮውንም እንደ አምናው በእጄ ስዬ ልልክ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የቀድሞ የክፍል ጓደኛው ትዝ አለውና ደወለለት። ንግግራቸው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ባለሙያው ያወረደው የመሬት ከፍታ መረጃ ቁመቱን በሜትር፣ አግድም ርቀቱን ግን በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ የያዘ ነበር። ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ አንድ መለኪያ ቆጥሮ ሲያሰላ ትንሿ ጉብታ ሁሉ ገደል ሆነች። መረጃው ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ተቀይሮ ርቀቱም በሜትር ሲሆን ቀዩ ወደ ተራራው ወገብ ተሰበሰበ፤ ሜዳውም ሜዳ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ያስጨነቀ ችግር በአሥር ደቂቃ ተፈታ። የተጨመረ በጀት የለም፤ የተገዛ መሣሪያም የለም። የተገኘው የሚጠየቅ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውስጤ የሚመላለሰው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ጓደኛ የሌለው ባለሙያስ ማንን ይጠይቅ?

ባለሙያው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ኪው ጂ አይ ኤስ ይባላል። በ1994 ዓ.ም. በአንድ አሜሪካዊ፣ በጋሪ ሸርማን የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ፈቃደኛ ባለሙያዎች የሚያሳድጉት ነጻና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ክፍት ምንጭ ሲባል የተሠራበት ኮድ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። አንድ ወረዳ በፍላሽ ገልብጦ ለጎረቤት ወረዳ ቢሰጥ ሕጋዊ ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከእሱ ጋር ተያይዘው የሚሠሩት ግራስና ሳጋ የተባሉ ሶፍትዌሮች ደግሞ ተዳፋትን ለማስላት፣ የጎርፍን መሄጃ ለመከተልና የተፋሰስን ወሰን ለመለየት ያገለግላሉ። እነሱም እንዲሁ በነጻ ይገኛሉ።

የከፍታ መረጃውም ቢሆን በነጻ የሚገኝ ነው። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ጉዞ የአብዛኛውን ዓለም የመሬት ከፍታ በራዳር ለክታለች። በ30 ሜትር ልዩነት የተዘጋጀው የአፍሪካ መረጃም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ታዲያ ሶፍትዌሩም መረጃውም በእጃችን ከሆነ ምን ቀረ? በእኔ እምነት የቀረው እገዛ ነው። በዞርኩባቸው ጽሕፈት ቤቶች የማየው ተመሳሳይ ነው። ባለሙያው አንድ ሳምንት ሥልጠና ይወስዳል፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል፣ የመጀመሪያው ችግር ሲገጥመው ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ለሪፖርት መጻፊያ ብቻ ይውላል።

ይህ የኮምፒዩተር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግብርና ዓምድ ላይ ባላነሣሁት። ካርታው ግን በመጨረሻ የሚያርፈው በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ያስቀመጠውን ወሰን የመስኩ ባለሙያዎች ያውቁታል። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ተሠርቶ ብቻ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። እንግዲህ በካርታው ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንድን ቤተሰብ ከእርሻው ሊያስነሣ የሚችል ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። በመቶ እና ዲግሪ አንድ አይደሉም። 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ነው። 60 በመቶ የሚባለው ተዳፋት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ሳይነገረው የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ በዲግሪ ሲሆን ያ አዋጅ የተናገረው ግን በበመቶ ነበር።

በዚያው ወረዳ ካርታው ከተስተካከለ በኋላ ለአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ሲቀርብ ተገኝቼ ነበር። በገመገሙ በኩል ያሉ በርካታ ማሳዎች 70 በመቶ ተዳፋት ተብለው ከእርሻ የሚወጡ ሆነው ቀረቡ። አንድ አዛውንት አርሶ አደር ተነሡና «ልጄ፣ ይህን ማሳ አባቴም አርሶታል፤ እኔም አርባ ዓመት አረስኩት። ገደል ነው ካልከኝ በሬዎቼ ፍየል ናቸው ማለት ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም። «አባባ፣ እንግዲያው ሄደን እንለካው» አላቸው።

የቀበሌው ቀያሽ አርሶ አደሮች ገመዳቸውንና ላይን ሌቭላቸውን ይዘው ማሳው ላይ ወጡ። በ5 ሜትር ገመድ ላይ ቁልቁለቱ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህ 35 በመቶ ነው። ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ሶፍትዌሩ 35 ያለው በበመቶ ነበር፤ ባለሙያው ዲግሪ መስሎት ወደ በመቶ ሲመልሰው 70 ሆነበት። አዛውንቱ ጠረጴዛማ እርከን ሠርተው ማረስ የሚገባቸውን ማሳ በአንድ የመለኪያ ስህተት ሊያጡት ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው፣ ባለሙያው ሁለት ዓይነት አጋዥ ያስፈልገዋል። አንዱ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሌላው መሬቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ሁለቱም አጋዦች አጠገባችን አሉ፤ የጎደለው የሚያገናኛቸው አሠራር ነው።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ካርታው ከበላይ ተሠርቶ ቢመጣልን አይሻልም?» ይላሉ። ከላይ የሚመጣ ካርታ ይጠቅማል። ነገር ግን የማኅበረሰብ ተፋሰስ የሚባለው በግብርና ሚኒስቴር የ1997 ዓ.ም. መመሪያ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ስፋት ያለው ነው። በ30 ሜትር መረጃ አንዱ ነጥብ 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሩብ ሄክታር ማሳ ከሦስት ነጥብ ያነሰ ነው ማለት ነው። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይ ራሱን ችሎ አይታይም። ስለዚህ የትም ይሠራ፣ ካርታው ወደ ቀበሌ ወርዶ በሰው ዓይንና በገመድ መረጋገጥ አለበት። ስህተት ሲገኝም ለማረም ወረዳው ራሱ መሣሪያውን ማወቅ አለበት።

ሌሎች ደግሞ «በነጻ የተገኘ ነገር ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ። ለእነሱ መልሴ ቀላል ነው። ከላይ ያነሣኋቸው ስህተቶች በውድ በተገዛ ሶፍትዌርም ይከሰታሉ። ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። የቆዩት የአገራችን የ1 ለ50,000 ካርታዎች የተዘጋጁት አዲንዳን በተባለው የመነሻ ልኬት ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር ግን በሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ ሳይታረቁ በአንድ ካርታ ላይ ከተቀመጡ ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ልክ የተዛወረ የተፋሰስ ወሰን የአንዱን ጎጥ ሥራ ለሌላው ያስቆጥራል። ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም፤ አዲንዳን ዩቲኤም 37 በቁጥር 20137፣ የጂ.ፒ.ኤሱ ደግሞ በቁጥር 32637 እንደሚጠራ የሚነግር ሰው ይበቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለዚህ መልሱን ሩቅ መፈለግ አያሻንም። ላይን ሌቭል በየቀበሌው ሥር የሰደደው ቀያሽ አርሶ አደሮች ስለሠለጠኑ ብቻ አይደለም፤ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት ሌላ ቀያሽ በአቅራቢያቸው ስላለ ነው። ለካርታ ሥራውም እንዲሁ ይሁን።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዞን ሶፍትዌሩን በደንብ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ለወረዳዎች እገዛ ይመድብ። ስልኩ ይታወቅ፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ሌላ ሥራ ሳይደረብበት ጥያቄ ብቻ ይመልስ። ከዞኑ አቅም በላይ የሆነው ወደ ክልል ቢሮና ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይለፍ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊነት አለባቸው፤ ለወረዳ ባለሙያ ስልክ ማንሣትም የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ጠያቂውም አጠያየቁን ይወቅ። «አልሠራ አለኝ» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም። የሶፍትዌሩ ስሪት ስንት ነው? መረጃው ከየት መጣ? በየትኛው የኮኦርዲኔት ሥርዓት ነው? ምን ምን ተደረገ፣ በምን ቅደም ተከተል? የወጣው የስህተት መልእክት ቃል በቃል ምን ይላል? ምን ተጠብቆ ምን ተገኘ? እነዚህን ስድስት ነገሮች ጽፎ የላከ ሰው ግማሹን መልስ ራሱ አግኝቷል። ከተቻለ የማያውን ፎቶ ያያይዝበት።

በሦስተኛ ደረጃ መልሱ ተጽፎ ይቀመጥ። ባለሙያ ይዛወራል፣ ሥራ ይለቃል፤ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የተጠየቀውና የተመለሰው በአማርኛ በአንድ መዝገብ ቢሰፍር ቀጣዩ ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም።

በአራተኛ ደረጃ ኃላፊዎች ለዚህ ጊዜ ይስጡ። ካርታ የሚሠራ ባለሙያ በየቀኑ ለስብሰባና ለአስቸኳይ ሪፖርት ከተጠራ ምንም ዓይነት እገዛ አይጠቅመውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጠይቅ ባለሙያ አላዋቂ ተብሎ አይታይ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ አፍሮ ዝም ያለ ባለሙያ የሚያስቀረው የራሱን ሹመት ሳይሆን የአርሶ አደሩን ማሳ ነው።

አርሶ አደሮችም ድርሻ አላችሁ። ካርታ ይዞ የመጣ ባለሙያ ሲያነጋግራችሁ «መንግሥት የሠራው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ውኃው በክረምት የሚወርደው በየት ነው? ቦረቦሩ ከየት ጀመረ? ማሳችሁ በካርታው ላይ ስንት ተብሎ ተጻፈ፣ በበመቶ ነው ወይስ በዲግሪ? ጠይቁ። ካልተስማማችሁ በገመድ ይለካ በሉ። ማኅተም ከመመታቱ በፊት የሚነሣ አንድ ጥያቄ ከተመታ በኋላ ከሚጻፍ አሥር አቤቱታ ይሻላል።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቄ በፊት ለዚያ ባለሙያ ደውዬ ነበር። የጎረቤት ወረዳ ባለሙያ በቀይ ካርታ ተቸግሮ እንደደወለለትና በስልክ እንዳስተካከለለት ነገረኝ። አርሶ አደሩ ወንፈል የሚለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ የታገዝክ ነገ በተራህ ትወጣለህ። ሶፍትዌሩም በዓለም ዙሪያ ባሉ ሰዎች ወንፈል የተሠራ ነው። የጥር ዘመቻ ሲጀመር እርከኑን በጋራ እንደምንወጣ ሁሉ፣ ከዘመቻው በፊት ያለውን የካርታ ሥራም በጋራ እንውጣው። የሚመለከታቸው የዞንና የክልል ኃላፊዎች የሚጠየቀውን ሰው ይመድቡልን፤ ጠያቂው ዝግጁ ነው።