አልኮሉ ከመቅረቡ በፊት እሳቱ ይጥፋ

ጥሩ አረቄ ክብሪት ሲነካው እንደሚነድ ለማወቅ ጎጃም ውስጥ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ከአማኑኤል እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን የያዘውን ማሰሮ ምድጃው ላይ ትጥደዋለች፤ ጠብታውን የሚቀበለውን ዕቃ ግን በሸምበቆው ርዝመት ከእሳቱ አርቃ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ውሃው እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ነው። ርቀቱ ደግሞ፣ ማንም ስም ባይሰጠውም፣ የእሳት መከላከያ ነው።

ከአረቄው በእጥፍ የሚበረታ አልኮል ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የቅጠል ሙከራ እንውሰድ። ቅጠሉ በውሃ ይፈላል፤ ከዚያ አረንጓዴ ቀለሙ እንዲለቅ አልኮል ውስጥ ይሞቃል፤ በመጨረሻም አዮዲን ጠብ ሲልበት ስታርች ያለበት ሁሉ ይጠቁራል። አደጋው ያለው መካከል ላይ ነው። ጋዝ በሌለበት ትምህርት ቤት ማሞቂያው ስፒሪት ላምፕ ወይም የከሰል ምድጃ ነው። አልኮሉ በሙቅ ውሃ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሞቅ መጽሐፉ ቢያዝም፣ ውሃውን የሚያሞቀው ነበልባል ከሥሩ እየነደደ ከቆየ ጥንቃቄው ግማሽ ነው።

ምክንያቱም የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። የአልኮል ትነት ከአየር 1.6 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ከቢከሩ አፍ ወርዶ በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ እሳቱን ፍለጋ የሄደ ይመስላል። ንጹሕ ኢታኖል ክብሪት የሚቀበል ትነት ለማውጣት 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፤ ላምባ ግን 38 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኩራዝ መሙላት የለመደ እጅ አልኮል ላይ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። «አገሩ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው» የሚለው ማጽናኛም አይሠራም። ከፍታው የአየር ግፊቱን ስለሚቀንሰው አልኮሉ ከ13 ዲግሪም በታች ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው።

ደግነቱ ያው ከፍታ መፍትሔውን ይዞ መጥቷል። እንደ አማኑኤል ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ፣ አልኮል ደግሞ 72 ግድም ላይ ነው። ስለዚህ ውሃውን ውጭ፣ ግቢ ውስጥ በማንቆርቆሪያ አፍልቶ ማምጣት፣ ክፍሉ ውስጥ አንድም እሳት አለመኖሩን ማየት፣ ከዚያ አልኮሉንና ቅጠሉን የያዘውን የሙከራ ቱቦ ሙቁ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል። ቅጠሉ ይነጣል፤ ነበልባል አላስፈለገም። ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው።

ሀብታም ትምህርት ቤትም ከዚህ አደጋ አያመልጥም። ጥር 2014 (እንደ ፈረንጆች) በኒውዮርክ ቢከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበልባል ቀለም ሲታይ ከትልቅ ዕቃ የተቀዳ ሜታኖል የተባለ የአልኮል ዓይነት ተቀጣጥሎ ሁለት ተማሪዎች ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ዴንቨር ውስጥ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰ። በጥቅምት የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከምክሮቹ አንዱ ትልቁ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አይቅረብ የሚል ነው።

እኛ ዘንድ ትልቁ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ያውም ጽሑፍ የሌለው። ውሃ መስሎት የሚጠጣ ልጅ አለ፤ የጠፋ መስሎት የሚነድ ላምፕ ላይ የሚጨምርም አለ። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ላምፕ የሚሞላው ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ነው፤ ጠርሙሱም ተከድኖ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው ክብሪት የሚጫረው።

እሳት ከተነሣ ደግሞ ቢከሩን በክዳን ወይም በእርጥብ ጨርቅ መክደን ይቀድማል። አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚቀላቀል ብዙ ውሃ ያጠፋዋል፤ ቤንዚን ግን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል፤ ለእርሱ አሸዋ ነው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ኬሚካል ሲያከፋፍሉ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር አንድ ባልዲ አሸዋና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይላኩ። መምህራን ግን ያን ሳይጠብቁ ምድጃውን ከነገ ጀምሮ ከቤተ ሙከራው ያውጡት።