ለአንዲት ጭረት ሙሉ ጊታር አይገፈፍም

ጊታሩ ከተደገፈበት ግድግዳ ተንሸራትቶ ወደቀ። ክር አልተበጠሰም፣ አንገቱም አልተሰበረም። ጠርዙ ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል የቀለም ቅርፊት ተነስታ ነጩ እንጨት ብቅ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ጊታሩን ሲያነሳ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ይዞት ወደ ቀለም ቀቢ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስም የታወቀ ነው፦ «ይገፈፍና እንደ አዲስ ይቀባ!»

ምክሩ ቅን ነው። ቀቢው አዲስ መኪና የመሰለ የሚያብረቀርቅ ጊታር ሊያስረክብ ይችላል። ነገር ግን በአብዛኛው የተሳሳተ ምክር ነው። አንዲት ቅርፊት ለመሸፈን ብሎ መላውን ልባስ መግፈፍ፣ ቅንድብ ለመኳል ሲሉ ዓይን እንደማጥፋት ነው። ይህን ለመረዳት ልባሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

ከመኪና ወደ ጊታር

የድሮዎቹ የአሜሪካ ጊታሮች የተቀቡበት ላከር ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። የብዙ የጥፍር ቀለሞች መሠረት የሆነው ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ «ዱኮ» ብሎ የሰየመውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ መኪኖች አቀረበ። ከዚያ በፊት አንድ መኪና ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። አዲሱ ቀለም ያንን ሁሉ ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት አወረደው። ጊብሰንና ማርቲንን የመሰሉ ጊታር ሠሪዎችም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወደዚሁ ላከር ዞሩ። ፌንደር ደግሞ ቆይቶ የዱፖንትን የመኪና ቀለሞች እየመረጠ ጊታር ቀባባቸው። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚፈለጉት የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ባለቀለም ጊታሮች፣ በዚያን ዘመን መንገድ ላይ ከነበሩት መኪኖች ጋር አንድ ዓይነት ቀለም የለበሱ ናቸው።

ናይትሮሴሉሎስ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው። የሚደርቀው ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ቲነር ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። አዲስ ጠብታ ሲያርፍበት አሮጌውን ጥቂት ያሟሟውና አብሮት አንድ አካል ይሆናል። በመካከላቸው ድንበር አይቀርም። ልባሱ ገና ሲሠራ ጀምሮ መጠገን የሚችል ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን ጸጋ ትቶ ወደ መግፈፍ መሮጥ ነው እንግዲህ የሚያስቆጨው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ፌንደር ወደ ፖሊስተር ሲዞር ነገሩ ተቀየረ። ፖሊስተርና ፖሊዩሬቴን የሚደርቁት በኬሚካል ለውጥ ነው። አንዴ ከጠነከሩ በኋላ ቲነር አይመልሳቸውም፣ አዲስ ቀለምም አይዋሃዳቸውም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽና መካከለኛ ጊታሮች በብዛት የዚህ ዓይነት ልባስ ያላቸው ናቸው። ብዙ የድሮ ክላሲካል ጊታሮች ደግሞ በአልኮል በሚሟሟ ሼላክ ተወልውለዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ልጠግነው?» መሆን የለበትም። «ምንድን ነው የለበሰው?» የሚለው ይቀድማል። መልሱን ለማግኘት ከዓይን የተሰወረ ቦታ ይፈለጋል። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ጊታር የሽቦ ክዳን ሥር። እዚያ በጥጥ ጫፍ አንዲት ጠብታ አሴቶን ሲነካ የሚለሰልስና የሚጣበቅ ከሆነ ላከር ነው። ምንም ካልሆነ ፖሊ ነው። ይህን ሳያጣራ ብሩሽ የሚያነሳ ሰው፣ በሽታውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ጠብታ፣ ትዕግሥት፣ ምላጭ

ትንሿን ቅርፊት የመጠገን ጥበብ የሚፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቦታው ከላብ፣ ከቅባትና ከሰም ይጸዳል። በተለይ ሲሊኮን ያለበት ማስወልወያ ትንሽም ቢቀር አዲሱ ላከር እንደ ዘይትና ውሃ ከቦታው ይሸሻል። ከዚያ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ጫፍ አንዲት የላከር ጠብታ ጉድጓዷ ውስጥ ብቻ ትቀመጣለች። ስትደርቅ ትሰምጣለች፣ ምክንያቱም አብዛኛው አካሏ ቲነር ነበር። ሌላ ጠብታ ይጨመራል። እሷም ትሰምጣለች። እንዲህ እየተባለ የሞላው ቦታ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ እስኪል ይቀጥላል።

ከዚያ የሚመጣው ለብዙ ሰው የሚከብደው ሥራ ነው፦ መጠበቅ። ላዩ በአንድ ሰዓት ቢደርቅም ውስጡ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እየተነነ ይቆያል። ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚፍቅ ሰው ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ጎድጓዳ ያገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። እርጥብ አየር ውስጥ የተቀባ ላከር እርጥበት አፍኖ ይነጣል፤ ዝናቡ እስኪያባራ መቆየት ይሻላል።

በደንብ ሲጠነክር ምላጭ ይመጣል። የምላጩ ሁለት ጫፎች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑና መካከሉ ብቻ ይቀራል። ፕላስተሩ ጤነኛው ልባስ ላይ ይንሸራተታል፣ የተራቆተው መካከል ደግሞ ከፍ ያለውን ጠብታ ብቻ ይልጋል። ከዚያ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ 1000 ከዚያ 1500 ከዚያ 2000 ቁጥር፣ ሳሙና ባለው ውሃ ራስ እየተደረገ በቀስታ ይሄድበታል። በመጨረሻ በማስወልወያ ቅባት ይወለወላል። ጠርዝ ላይ ሲደረስ እጅ መለስለስ አለበት። እዚያ ልባሱ ከሁሉም ቦታ የሳሳ ስለሆነ አንድ ሁለት ጊዜ ጠንከር ብሎ መፈግፈግ ከቀድሞው የባሰ ራቁት እንጨት ያወጣል።

ልባሱ ፖሊ ከሆነስ? ሥራው ይህንኑ ይመስላል፣ የሚሞላው ግን በሱፐር ግሉ ነው። አይዋሃድም፣ ነገር ግን አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሲወለወልም ያበራል። ጠጋው ከቅርብ ሲታይ ዳርቻው ሊለይ ይችላል። ይሁን። ዓላማው እንጨቱን ማዳን ነው።

አንድ ነገር በቀልድ አይታለፍም። ናይትሮሴሉሎስ ባሩድ የተሠራበት ንጥረ ነገር የቅርብ ዘመድ ነው። ቲነሩም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። የከሰል ምድጃ ባለበት ክፍል፣ ሲጋራ እየተጨሰ፣ መስኮት ዘግቶ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጭሱ ለሳንባም አይበጅም።

«ተዉት፣ ጠባሳው ታሪኩ ነው»

ከመግፈፍ ባሻገር ሌላ ተቃራኒ ድምፅ አለ። ጠባሳ ሁሉ ክብር ነው የሚል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ዊሊ ኔልሰን ከ1969 ጀምሮ የሚጫወትበት «ትሪገር» የተባለው የማርቲን ጊታር፣ ፊቱ ላይ በመጫወት ብዛት የተቦረቦረ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ማንም ያንን ቀዳዳ ይደፈን አይልም። ገበያውም ይህን ፍቅር አይቶ ነግዶበታል። ፌንደር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ጊታር ሆን ብሎ አስረጅቶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ከአዲሱ አስበልጦ ይሸጣል። ሰው ለሌላ ሰው ላብ ምስል ገንዘብ ይከፍላል።

ክርክሩ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። የደረቁ የፀጉር ስንጥቆች፣ በዕድሜ የመጣ ቢጫነት፣ የቀበቶ ዘለበት የቧጨረው ጀርባ፣ ክንድ ያደበዘዘው ጠርዝ፣ እነዚህ ባይነኩ ይሻላል። በተለይ የፀጉር ስንጥቅ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት በድንገት ከተገባ የሚፈጠር ነው። ብርድ ውስጥ ያደረ ጊታር ሞቃት ቤት እንደገባ ሳጥኑ ወዲያው ከተከፈተ፣ እንጨቱና ልባሱ እኩል አይሰፉምና ላከሩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ክረምት በአውሮፕላን ጭነት ጊታር ለሚያመጣ ሰው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ነገር ግን ጠባሳና ቁስል አንድ አይደሉም። ጠባሳ የዳነ ነው። ቁስል ይሰፋል። ዳርቻው የተነሳ ቅርፊት እጅጌ እየያዘው በየቀኑ ይጨምራል። ራቁቱን የቀረ እንጨት ላብና እርጥበት ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ በዙሪያው ያለው ልባስም ይለቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህን ነው። ለዚህ ጥገና ሚዛኑ ግልጽ ነው፦ ጉዳቱ ቆሞ ከሆነ ይተው፣ እየሰፋ ከሆነ ይጠገን፣ እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ገንዘቡስ ምን ይላል?

ገበያው ከገፋፊዎች ጋር አይደለም። በአሮጌ ጊታሮች ንግድ ውስጥ የመጀመሪያ ልባሱ የተገፈፈ ጊታር ከአቻው በግማሽ ገደማ ባነሰ ዋጋ መሸጡ የተለመደ ስሌት ነው። ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር። ትንሽና ንጹሕ ጠጋ ግን ዋጋውን ያን ያህል አይጎዳም።

እዚህ ላይ የሚጠቀስ ተቃራኒ የሚመስል ታሪክ አለ። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ 3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያ ጊታር በዋናው ቀለም ላይ ጥቁር የተደረበበት፣ አንገቱና ዕቃዎቹ በተደጋጋሚ የተለዋወጡ ነበር። ታዲያ እንዴት ያን ያህል አወጣ? የመጫወቻው ጌታ ስም አለበት። ከዚያ በላይ ግን የተነካው ሁሉ መቼና እንዴት እንደተነካ የታወቀ ነው። ማንም «ምንም አልተነካም» ብሎ አልሸጠውም።

የጥገና ሥነ ምግባር እዚህ ጋ ነው። ጠግኖ መደበቅና ጠግኖ መናገር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥሩ ጠጋ ከዓይን ቢሰወርም ሰውን ማታለያ መሆን የለበትም። ደግሞም መደበቁ ብዙ አያዛልቅም። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት አሮጌ ላከርና አዲስ ላከር በተለያየ ቀለም ያበራሉ፣ የተነካው ቦታም ይጋለጣል። ሻጭ «እዚህች ጋ ወድቆ ነበር፣ እንዲህ ተጠግኗል» ቢል ከዋጋው ጥቂት ሊቀነስበት ይችላል። ሳይናገር ቢጋለጥ ግን ስለ ጊታሩ የተናገረው ሁሉ ይጠረጠራል።

ለኢትዮጵያ ተጫዋች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። ፋብሪካ ሠራሹ ጊታር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በክለብና በሠርግ እየተጫወተ ለሚኖር ወጣት «የተላጠውን ጥለህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ያኔውኑ ምክር መሆኑ ቀርቷል። በእጁ ያለው መሣሪያ መተዳደሪያው ነው። የትንሽ ቱቦ ሱፐር ግሉ፣ የአንድ ምላጭና የሁለት ምሽት ትዕግሥት ዋጋ ከአዲስ ጊታር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቀቢውም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ሙሉ ጊታር ገፍፎ መቀባት የሚያስከፍለው ብዙ ስለሆነ ፈተናው ይገባል። ሆኖም «ይህ መገፈፍ አያስፈልገውም፣ እዚህች ጋ ብቻ ልሙላልህ» ያለ ባለሙያ ያን ደንበኛ ደግሞ ያገኘዋል፣ ደንበኛውም ጓደኞቹን ይዞለት ይመጣል።

ከወር በኋላ ያ ከግድግዳ የወደቀው ጊታር በብርሃን ስር ሲዘነበል፣ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ያለች የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ትታያለች። ጣት ሲያልፍባት አትቆረቁርም። ከሷ በስተቀር ያለው ልባስ ከፋብሪካው የወጣበት ነው። የሚጠይቅ ሰው ካለ ባለቤቱ የሚነግረው አጭር ታሪክ አለው። ለማይጠይቅ ደግሞ ጊታሩ ተቃኝቶ ተዘጋጅቷል፣ ዛሬ ማታም ሥራ አለበት።